የእናት ዕድሜ ለልጅ ሲተርፍ

«እናትየዋ መቶ ሃያ ስምንት ከሞላቸው፣ ልጅየዋ ስንት ሊሆናት ነው?»

እንዲህ ብላ የጠየቀችው የስፌት ቤቱ ኃላፊ ናት። ልጅየዋ የተባለችው ሰፊ ይህን የሰማችው ካውያ ቤቱ ውስጥ፣ ተተኩሰው ከተሰቀሉት የተማሪ ሸሚዞች ኋላ፣ ኮሌታ የሞላ ቅርጫት ታቅፋ ቆማ ነው። ክፉ ነገር ፊት ለፊት መጥቶባት አያውቅም፤ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ጨርቅ ቆራጩ መቀሱን ሳያስቀምጥ፣ «ቢያንስ ዘጠና» ብሎ መለሰና ሳቀ። «ደካሞቹ እኛ ነን እንጂ እሷማ ገና ትዳራለች።» ቆራጩ የሰፊዋ ሰፈር ሰው ነው፤ ባለፈው እሑድ ልጁን እናቷ ዘንድ ወስዶ ያስመረቀ፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ወሬውን ለስፌት ቤቱ ሁሉ ያዳረሰ እሱ ነው። ኃላፊዋ አልሳቀችም። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ፈጣን ናቸው፣ ባለፈው ወርም አንዲት አሮጊት ጣቷን ከኪስ ጋር አብራ ሰፍታዋለች፤ ስለዚህ ስልሳ ያለፋቸው ሰፊዎች ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ይረፉ የሚል ትእዛዝ ከላይ መጥቷል። የሰፊዋ ወረቀት ሃምሳ አራት ይላል። «ወረቀት ግን የነገሩትን ነው የሚጽፈው» አለች ኃላፊዋ። «ፊቷን ደግሞ እየው፣ ይህ የሃምሳ አራት ዓመት ፊት ነው? ዛሬ ቅዳሜ አይደል፣ ከሰዓት ቤታቸው ሄጄ እናትየዋን አያቸዋለሁ። እሳቸው ይንገሩኝ።»

ፊቷን በተመለከተ ኃላፊዋ አልተሳሳተችም። ሰፊዋን ያስረጃት ግን የኖረችው ዓመት ሳይሆን ያልመጣው መከራ ነው። ስልክ ከጠራ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ልጇ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች አስፋልት ላይ የወደቀ አንድ እግር ጫማ ይታያታል፤ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ማን ዘንድ ስልክ እንደምትደውል፣ ምን ብላ እንደምትጀምር ሁሉ አስባ ትጨርሳለች፤ ልጅቷ በሰላም ስትገባ ታዲያ ደስ ከማለት ይልቅ ትቆጣታለች። የእሷ ጣሪያ አያፈስም፣ ይወድቃል እንጂ። የእሷ ሳል አያልፍም፣ ይብሳል እንጂ። ደርሰውባት ካለፉት ይልቅ ሳይደርሱ የቀሩት መከራዎች ግንባሯን አርሰውታል። በዚህ ሳምንት ኃላፊዋ «አንቺ» ማለቱን ትታ በድንገት «እርስዎ» ስትላት፣ ሌላ ሰው ቢሆን ተከበርኩ ብሎ ደስ ይለው ነበር፤ ሰፊዋ ግን ያን ለት ምሳዋን ሳትነካው መልሳ ቋጠረችው። አሁን ገባት፤ ክብሩ የመሸኛ ነበር።

እስከ ቀትር የሰፋችው ሁሉ ጠመመ። አንዱን ኮሌታ ገልብጣ ሰፍታ ፈታችው፤ ፈትታ ስታበቃ መልሳ ገልብጣ ሰፋችው። ብሄድና ብነግራትስ፣ አለች በልቧ፤ እናቴ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የቀረው የራሷ ጭማሪ ነው ብላትስ። ግን የገዛ እናትን ውሸታም ናት ብሎ እንዴት ይነገራል? ቢነገርስ፣ እናቷ በዕድሜዋ የምትዋሽ ሴት እሷ በዕድሜዋ አትዋሽም ብሎ ማን ያምናል? አንዷ ዋሽታ ጨመረች፣ አንዷ ዋሽታ ቀነሰች ማለታቸው አይቀርም። ለቤቱ የሚገባው የእሷ ደመወዝ ብቻ ነው፤ ልጇ ገና የመጨረሻው ክፍል ላይ ናት። የምሳ ደወል ሳይደወል ሰፊዋ ከሥራ ተባርራ፣ ከቤት ወጥታ፣ ልጇም ትምህርቷን አቋርጣ ሰው ቤት ተቀጥራ፣ እናቷም በብርድ ታማ፣ ሁሉንም በሐሳቧ ጨርሳው ነበር።

ወደ ቤት ስትመለስ ለእንግዳ ብላ ብርቱካን ልትገዛ ባለሱቁ ዘንድ ቆመች። ብርቱካን ካለፈው ሳምንት በግማሽ ጨምሯል። ባለሱቁ እንደ ልማዱ ምን ላድርግ፣ እኔም ገዝቼ ነው አለ። ቀጥሎ ግን «ለእማማ ሺዓመት ነው?» ብሎ ሁለት ብርቱካን ያለ ዋጋ መረቀላት። እማማ ሺዓመት ሰፈሩ ለእናቷ ያወጣላት ስም ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ማንም የማይደፍረው የእሷ ወንበር አለ። አውቶቡስ ላይ ስትወጣ አራት ሰው እኩል ብድግ ይልላታል። ዕድሜውም የጀመረው በዚህ በወንበር ነገር ነው። አንድ ጊዜ ክሊኒክ ሰልፍ ላይ እግሯ እስኪያብጥ ቆማ ቆማ ሲሰለቻት፣ ለጥበቃው ዘጠና ዓመቴ ነው ብትለው ወንበር መጣ። በሚቀጥለው ቀጠሮ መቶ ነው ብትል ሐኪሙ ራሱ ከክፍሉ ወጥቶ እጇን ይዞ አስገባት። ከዚያ ወዲያ ዕድሜዋ እንደ ስኳር ዋጋ ሆነ፤ ይወጣል እንጂ አይወርድም። ጨዋታዋም ቢሆን ጥንቃቄ አለው። ስለ ጥንት ሲጠይቋት፣ የትኛውንም ሰፈር ቢጠሩላት «እሱማ ያኔ ጫካ ነበር» ነው የምትለው፤ አንድ ጊዜ ጫካ ያልነበረ ቦታ የለምና የሚረታት አልተገኘም። ከጫካው በፊትስ ብሎ የሚያጠብቅ ከመጣ፣ «ያኔማ ሕፃን ነበርኩ፣ ምን አውቃለሁ ልጄ» ብላ ዓይኗን ትከድናለች።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። በመካከሉ በር የለም፤ ከስፌት ቤት ቁርጥራጭ የተገጣጠመ፣ ግማሹ የአንድ ትምህርት ቤት፣ ግማሹ የሌላ ትምህርት ቤት ቀለም ያለው መጋረጃ ተሰቅሏል። ሰፊዋ ስትገባ እናቷ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ፣ እግሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ የልጅ ልጇ ሒሳብ ስትሠራ ታያለች። ሰፊዋ ብርቱካኑን ሳታስቀምጥ ነገሩን ተናገረችው። አለቃዋ እንደምትመጣ፣ ለምን እንደምትመጣ፣ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ምን እንደሚሆን፣ ከቤት መውጣቱንና ብርዱን ጭምር ሳታስቀር ነገረቻት። እናቷ ነገሩን እስከ ጫፉ ሰማች።

«ታዲያ ምን በይ ነው የምትይኝ?»

«እውነቱን ንገሪያት።»

«ስንት ነው እውነቱ?»

«ሰባ ስድስት ነዋ፣ እማዬ።»

እናቷ መርዶ እንደ ሰማ ሰው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ሰባ ስድስትማ በየቤቱ ሞልቷል» አለች። «የሰባ ስድስት ዓመት ባልቴት መንገድ ላይ ብትወድቅ፣ አሮጊት መቼ አይታ ትሄዳለች ይሏታል። መቶ ሃያ ስምንት ብትወድቅ አገር ይነሳል።»

ሰፊዋ ለመነቻት። በልጅቷ አለቻት፣ በሞቴ አለቻት፣ አልጋው ሥር ተንበርክካ ጉልበቷን ያዘች። እናቷ ጉልበቷን አላስለቀቀችም፣ ቃልም አልሰጠች፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው ፊት ነበራት። ሰፈር ሙሉ መርቄ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ነገ በየት ልለፍ ነው የምትይኝ፣ አለቻት። ልጅቷ ይህን ጊዜ ደብተሩ ጫፍ ላይ አንድ ቁጥር ከአንድ ቁጥር ቀነሰችና እርሳሷን አስቀምጣ ሳቀች። «አያቴ፣ ሒሳቡ እኮ ይገጥማል። አንቺ መቶ ሃያ ስምንት፣ እማዬ ሃምሳ አራት። በሰባ አራት ዓመትሽ ነው የወለድሻት ማለት ነው።» ሰፊዋ በዚህ ቤት ሳቅ የሚባል ነገር ከየት እንደሚመጣ አይገባኝም ብላ ተቆጣች፣ ልጇንም ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳ እንድታጠና፣ ስትሄድ ዳር ዳሩን ይዛ፣ ውሻ ካለበት ግቢ ዞር ብላ፣ ሳይመሽ እንድትመለስ አዝዛ ላከቻት። እናቷ ግን አልሳቀችም። ጥሩ ዕቃ በርካሽ ሲሸጥ እንዳየ ሰው ጸጥ ብላ ታስብ ነበር።

ኃላፊዋ የመጣችው ከምሳ በኋላ ነው፤ ታሽጎ የተሸጠ ብስኩት ይዛ፣ ተረከዙ ቀጭን ጫማ አድርጋ፣ እንዳይሰናከልባት በሰፊዋ ክንድ ተደግፋ ገባች። እሷ የደገፈቻት መሆኑ ሰፊዋን ትንሽ አጽናናት፤ ዘጠና ዓመት የሆናትን ሰው ማን ይደገፋል? እንግዳዋ ቤቱን ሳትንቅ አየችው። መጋረጃውን አይታ «የእኛ ጨርቅ» ብላ ፈገግ አለች፣ ሰፊዋ ደግሞ ሌባ ተባልኩ ብላ ቀላች። ከዚያ አልጋው ጎን ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስለ ጤና፣ ስለ እግር ሕመም፣ ስለ መንገዱ አቧራ ተነጋገሩ። ሰፊዋ ሻይ ቀድታ፣ ብርቱካን ልጣ፣ እጇን የምታደርግበት አጥታ ቆመች። የሰፈሩን ጥንታዊ ሁኔታ ኃላፊዋ ጠየቀች፤ ጫካ እንደነበር ተነገራት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ዕድሜዎ በእውነት ስንት ነው?» አለች በመጨረሻ።

ሰፊዋ ከኃላፊዋ ጀርባ ሆና እናቷን በዓይኗ ለመነቻት። እናቷ ዓይኗን አየቻት፣ አይታትም አለፈቻት። «መቶ ሃያ ስምንት» አለች፣ ዋጋ እንደሚጠራ ነጋዴ ረጋ ብላ።

«ታዲያ ልጅዎን በስንት ዓመትዎ ወለዱ?»

«በሰባ አራት» አለች እናትየዋ። «በልጅነት መውለድማ ማንም ይወልዳል።»

ሰፊዋ አበቃ አለች በሆዷ። ወይ ትስቃለች፣ ወይ ተነስታ ትሄዳለች፣ ወይ ሁለቱንም ታደርጋለች። ኃላፊዋ ግን አልሳቀችም፣ አልተነሳችምም። ስኒው ወደ አፏ ሲሄድ መንገድ ላይ ቆመ። «ሰባ አራት?» አለች። እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ኃላፊዋ ስኒውን አስቀምጣ ወደ ሰፊዋ ዞረችና እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሰፊዋ ጠዋት ሁሉ የፈራችው ጥያቄ ይህ ነበር፤ አሁን ግን እንጀራዋ የተንጠለጠለው በአንድ የራስ ንቅናቄ ላይ ነው፤ አዎ ካለች ሃምሳ አራት ዓመቷ ሃምሳ አራት ሆኖ ይቀራል፣ ማንም አይነካትም። ለመዋሸት አልወሰነችም። አንገቷ ነው ሳያማክራት ወደ ታች ሄዶ የተመለሰው።

«እንግዲያ እኔ ገና ነኝ ማለት ነው» አለች ኃላፊዋ።

ሳቅ ብላ ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አብሮ አልሳቀም። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት፣ ሰው ለማያውቀው ሽማግሌ እንደሚያወራው ያለ ነገር ታወራ ጀመር። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ልጅ ይወዳል፣ እሷ ግን ሥራው መልክ ይያዝ እያለች፣ መጀመሪያ አዲሱ ሕንፃ፣ ኋላ አዲሶቹ መኪናዎች፣ አንዱ ሲያልቅ አንዱ እየመጣ ዓመቱ ሄደ። ሐኪም አይቷት ነበር፤ ጊዜ የለሽም፣ ቶሎ ተመለሺ ብሏት ቀጠሮ ሰጣት። ባለፈው ወር የነበረውን ቀጠሮ ሥራ በዝቶባት ተወችው። ሌሊት እየተነሳች ስታስብ ነው የከረመችው። «እርስዎን ሳይ ግን ለምን እቸኩላለሁ አልኩ» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋን ለቀቅ አድርጋ አግዳሚው ላይ ተደገፈች። ሰፊዋ ሥራዋ እንደተረፈላት ገባት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ነገር ግን ያ የተደገፈ ትከሻ አላምር አላት፤ የማታውቀው ሰው ገደል አፋፍ ላይ ወንበር አስቀምጦ ሲቀመጥ፣ ወንበሩን ያቀበለችው እሷ የሆነች መሰላት።

እናትየዋ እንግዳዋን ብዙ አየቻት። የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጣቷ አጠፈች፣ ዘረጋች። «ሻዩ ቀዘቀዘባት፣ ሂጂ አሙቂላት» አለች ልጇን። ሻዩ አልቀዘቀዘም ነበር። ሰፊዋ ስኒውን ይዛ ከመጋረጃው ወዲያ አለፈች፣ ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ ጣደች፣ እሳቱን ግን አልለኮሰችም፤ ድምፁ ወሬውን እንዳይሸፍንባት።

«ስሚ ልጄ» አለች እናቷ ወዲያ ማዶ። ድምፁ የመቶ ሃያ ስምንቱ ድምፅ አልነበረም፤ መንቀጥቀጥ የለም፣ ሲቃ የለም፤ ሰፊዋ በልጅነቷ በር ላይ ቆማ ስትጠራት የምትሰማው ያ የድሮው ድምፅ ነበር። «ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ይህችን የወለድኳት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እሱንም ነፍሴ እስክትወጣ አምጬ። በሰባ አራት ዓመት የሚወለድ የወገብ ሕመም ነው። እኔን ብለሽ እንዳትዘገዪ። ሐኪሙ ነዪ ካለሽ ሂጂ።»

አግዳሚው ተንቋቋ። ውጭ ሰው ውሃ ሲደፋ፣ ከዚያም ማዶ ሬዲዮ ሲጮህ ይሰማል።

«ታዲያ ለምንድን ነው…» አለች ኃላፊዋ፣ አልጨረሰችውም።

«አንቺስ ብታረጂ ወንበር አትፈልጊም?»

መጀመሪያ የተሰማው አፍንጫ መሳብ ነው፣ ቀጥሎ ሳቅ፤ ሰፊዋ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃታት። እናቷ ይህን ለማንም እንዳትነግሪ አለቻት፣ ኃላፊዋም ማዪልኝ ሳትባል ማለች። ሰፊዋ ቀዝቃዛውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማ ነበር። ቀትር ላይ ተንበርክካ፣ ጉልበት ይዛ፣ በልጇ ስም ለምና የተነፈገችውን ያችን አንዲት እውነት፣ ከውጭ የመጣች ሴት ሳትለምን ተሰጣት። እፎይታውና ቅያሜው እኩል መጡባት፤ የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም።

እንግዳዋን እስከ ደጅ ሸኘቻት። ባለሱቁ ሱቁን ትቶ፣ ከሁለት ደንበኞቹ ጋር መንገዱ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነበር፤ የሰፈሩ ክብር በባለሥልጣን ሲመረመር ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። እውነት ሆኖ አገኙት ወይ፣ መቶ ሃያ ስምንት ናቸው ወይ ብሎ ጠየቃት። ኃላፊዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «እንዲያውም ቀንሰውላቸው ነው» አለችና አለፈች። ጥግ ላይ ስትደርስ ለሰፊዋ እጇን ዘረጋችላት። «ሰኞ ጠዋት አልገባም፣ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። የኮሌታውን ጠረጴዛ አንቺ ጠብቂልኝ» አለቻት። አንቺ ነው ያለቻት። ሰፊዋ እሺ አለች፤ ወዲያው ግን ሰኞ መኪናው ቢሰበርስ፣ በእኔ ጥበቃ ቢሰበርስ ብላ ማሰብ ጀመረች።

ስትመለስ እናቷ ብርቱካን ትበላለች። ሰፊዋ ስኒዎቹን ሰበሰበች፣ አጠበች፣ የታጠቡትን መልሳ አጠበች። በዚህ ቤት ዝምታ የሚሰበረው በዕቃ ነው፤ አንዱ ይከደናል፣ አንዱ ይንኳኳል፣ ከዚያ ሰው ይናገራል።

«እኔ ስለምንሽ እምቢ አልሽ» አለች ሰፊዋ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ እየዘጋች። «ለእሷ ሳትለምንሽ ሰጠሻት።»

«አንቺ ብትባረሪ መርፌ ሌላም ቤት አለ» አለች እናቷ። «የእሷ ካለፈ አለፈ። ደግሞ አንቺ መቼ ሳትባረሪ አድረሽ ታውቂያለሽ? ሥራ ከያዝሽ ጀምሮ በየቀኑ እየተባረርሽ ነው። የትኛው እውነት እንደሆነ በምን ልወቅ?»

ሰፊዋ የምትመልሰው ነበራት፤ ብዙ ነበራት፤ ግን በሩ ተንኳኳ። ቆመው የነበሩት ከላይኛው ሰፈር የመጡ ሁለት ወጣት ሴቶች ናቸው፤ አንደኛዋ ልታገባ ነውና እማማ ሺዓመት ይመርቋት ብለው ነው። ሰፊዋ ዞር ብላ እናቷን አየች። እናቷ የብርቱካኑን ልጣጭ በብርድ ልብሱ ሥር ደብቃ፣ ጀርባዋን ማጉበጥ ጀምራ፣ መሐል ላይ ቆም ብላ ልጇን ትጠብቃለች። ትጉበጥ ወይስ ቀና ትበል፣ ፈቃዱ የሰፊዋ ሆኖ ነበር።

«ግቡ» አለች ሰፊዋ። «ግን ድምፃችሁን ቀነስ አድርጉ። መቶ ሃያ ስምንት ዓመት ጆሮ ያደክማል።»

ሴቶቹ ጫማቸውን እየጠረጉ ሰፊዋን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ሒሳቡን ሲሠሩት ከግንባራቸው ይነበባል። የምታገባዋ ደፈር ብላ፣ ታዲያ እርስዎስ ስንት ይሆንዎታል ብላ ጠየቀች።

«ሃምሳ አራት» አለች ሰፊዋ። «በሰባ አራት ዓመቷ ነው የወለደችኝ። አንቺ ግን እንዳትሞክሪው።»

ከውስጥ እናቷ ስታስል ተሰማች። ሳቅ ስትውጥ እንዲህ ነው የምታስለው።